ቋሊማው አለቀ፣ በሩ ግን አልተዘጋም

(ባለፈው ሰሞን በአንዲት አነስተኛ የንባብ ክበብ በድሮ የስኮትላንድ ዘፈኖች ውስጥ ስላለው ማዕድ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይህችን እንጨት ተመልከቱልኝ። ከእጅ ወደ እጅ አሳልፏት፤ ጠንካራ ናት፣ አትሰበርም። ርዝመቷ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። ድፍን በትር ናት፤ እንደ ማንኪያ ጎድጓዳ የላትም። እጀታዋ ጫፍ ላይ የተቀረጸችው እሾሃማ አበባ የስኮትላንድ ምልክት ናት፤ የኛን ኮሸሽላ ትመስላለች። ምን ትመስላችኋለች? «የበርበሬ ዘነዘና» ያሉት እናት ተቃርበዋል። «የከበሮ መምቻ» ያልከው ወንድሜ ግን ርቀሃል።

ማማሰያ ናት። የገንፎ ማማሰያ። ስኮቶች «ስፐርትል» ይሏታል። የአጃ ገንፎ ሲሠሩ እንዳይጓጉልባቸው በሷ ያማስላሉ። በሰሜን ስኮትላንድ ካርብሪጅ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ከ1994 ጀምሮ የዓለም የገንፎ ሻምፒዮና ይካሄዳል፤ ሽልማቷም «ወርቃማዋ ማማሰያ» ትባላለች። አልቀለድኩም።

ዛሬ ይዣት የመጣሁት ግን አንዲት ሚስት በዚህች እንጨት ስለዋሸች ነው።

ዘፈኑ «የኛ አባወራ» ይባላል። ባል ማታ ቤቱ ይገባል። ፈረስ መቆም በሌለበት ቦታ ፈረስ ቆሟል። «ይሄ የማን ነው?» ይላል። ሚስት ትቆጣለች። «ዓይንህ ጠፋ እንዴ! የምትታለብ ላም ናት፤ እናቴ ናት የላከችልኝ።» ባል ያስባል። «ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ኮርቻ የተጫነባት ላም ግን አይቼ አላውቅም» ይላል። ከዚያ ቦት ጫማ ያያል። የውሃ እንስራ ነው ትለዋለች። ተረከዙ ላይ የብር መኮርኮሪያ ያለው እንስራ አላየሁም ይላል። ከዚያ ሰይፍ ያያል። እሷም ያቺን እንጨት ትጠራለች፤ «የገንፎ ማማሰያ ናት፣ እናቴ የላከችልኝ።» ባልም «የብር እጀታ ያላት ማማሰያ ግን…» እያለ ያጉረመርማል። ነገሩ እንዲህ እያለ አልጋው ድረስ ይሄዳል። አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል። «አላቢ ናት፣ እናቴ የላከቻት።» የባልየው የመጨረሻ ቃል፦ ጢሟ የረዘመ አላቢ አይቼ አላውቅም።

ይህን ዘፈን ስሰማ መጀመሪያ የሳቅሁት በባልየው ነው። በኋላ ግን የሴትየዋ ብልጠት ገረመኝ። ልብ በሉ፣ ውሸቷን የት ነው የምትደብቀው? ላም፣ እንስራ፣ ማማሰያ፣ የምታቅፍ ዶሮ። ሁሉም እሱ በእጁ ነክቶ የማያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ገንፎ አማስሎ የሚያውቅ ወንድ ቢሆን ኖሮ ሰይፍና ማማሰያ አይምታታበትም ነበር። ማጀት የሷ አገር ነው፤ እዚያ እሱ የውጭ ዜጋ ነው።

ስለ «ባላድ» አንድ ሁለት ነገር ልበልና ወደ ማዕዱ እንመለስ። ባላድ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው አይታወቅም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ኖሯል። ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የእንግሊዝንና የስኮትላንድን ባላዶች ሰብስቦ ቁጥር ሰጣቸው፤ 305 ናቸው። ሥራው ከ1882 እስከ 1898 ታተመ። ዘፋኞች ዛሬም እንደ መዝሙረ ዳዊት በቁጥር ይጠሯቸዋል። «ቻይልድ 12ን ዝፈኝልን» ይባላል።

ባላድ ስሜት አያብራራም። «ቀናች»፣ «ልቡ ተሰበረ» እያለ ሲተነትን አትሰሙትም። ማን ምን አበሰለ፣ ማን በላው፣ ለማን ተረፈ፤ ይህን ይነግራችሁና ዝም ይላል። ስለዚህ ባላድ የሚሰማ ሰው ሰሃኑን ማየት አለበት።

ከመቀጠሌ በፊት እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። ካፒቴን ዌደርበርን የሚባል ሰው የሮዝሊን ጌታን ልጅ ይወዳል። እሷ ግን እንዲህ አለችው፦ ለእራቴ አጥንት የሌላት ዶሮ፣ ፍሬዋ ውስጥ ድንጋይ የሌላት ቼሪ፣ ሐሞት የሌላት ወፍ ካላመጣህልኝ ከጎንህ አልተኛም። ቼሪ እንደ ኮክ መሐሏ ጠንካራ ፍሬ አላት። አስቡበት። መጨረሻ ላይ እጠይቃችኋለሁ።

አሁን ወደ ቋሊማው።

ዘፈኑ «ተነሺና በሩን ቀርቅሪው» ይባላል። በኤድንብራ የሒሳብ ቢሮ ጸሐፊ የነበረው ዴቪድ ሄርድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካሳተማቸው ነው። ጊዜው የቅዱስ ማርቲን በዓል ነው፤ ኖቬምበር 11፣ በኛ ኅዳር 2። ለስኮትላንድ ገበሬ ይህ የእርድ ወቅት ነበር። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ከብቱን ሁሉ ለመመገብ የሚበቃ ድርቆሽ የለም። ስለዚህ ይታረዳል። ሥጋው በጨው ይቆያል። ደሙና አንጀቱ ግን ቀን አይሰጥም፤ በዚያው ሰሞን ቋሊማ መሆን አለበት። ጥቁሩ ቋሊማ ከደምና ከአጃ ነው። ነጩ ከአጃና ከሞራ።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። «ደም ይበላሉ እንዴ?» የሚል ፊት ከዚህ ይታየኛል። በኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም ደም አይነካም። እኔም አልነካሁትም። ግን ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበላ ሕዝብ በሰው ሰሃን ላይ ብዙ ባይፈርድ ይሻላል።

ሴትየዋ ቋሊማዋን ድስት ውስጥ እየቀቀለች ነው። ነፋስ ከደቡብም ከሰሜንም እየነፈሰ ቤት ይገባል። ባል፦ «ተነሺና በሩን ቀርቅሪው።» ሚስት፦ «እጄ ሥራ ላይ ነው፣ አይታይህም? መቶ ዓመት ሳይቀረቀር ቢኖር በኔ እጅ አይቀረቀርም።» ይከራከሩና ይስማማሉ፤ መጀመሪያ ቃል የተነፈሰ ሰው ተነስቶ ይዘጋል።

በሩ ክፍት እንደሆነ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ሁለት መንገደኞች ይገባሉ። «የሀብታም ቤት ነው ወይስ የድሃ?» ይላሉ። መልስ የለም። ባልና ሚስት እንደ ሐውልት ተቀምጠዋል። እንግዶቹ ቋሊማውን ያያሉ። መጀመሪያ ነጩን በሉ። ከዚያ ጥቁሩን በሉ። ሴትየዋ በልቧ ብዙ ነገር አለች፤ ከአፏ ግን ቃል አልወጣም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የዚያች ሴት የቀን ልፋት፣ ምናልባትም የክረምቱ ስንቅ፣ ዓይኗ እያየ ወደ ሰው ሆድ እየገባ ነው። ዘፈኑ «ተናደደች» አይልም። ነጩ፣ ከዚያ ጥቁሩ፤ በቃ። ሰሃኑ በጎደለ ቁጥር ዝምታው እየከበደ ይሄዳል። እኛ ደግሞ እየሳቅን ነው።

ከዚያ አንዱ መንገደኛ ለጓደኛው ይላል፦ «ቢላዬን ያዝና የሽማግሌውን ጢም ላጭ፤ እኔ ሚስትየዋን እስማለሁ።» ጓደኛው፦ «ቤት ውስጥ ውሃ የለም፤ በምን ልላጨው?» መልሱ፦ «ቋሊማው የተቀቀለበት ውሃ ምን ሆነ? እየፈላ አይደል?»

ባል ብድግ አለ። «ዓይኔ እያየ ሚስቴን ልትስም፣ እኔንም በቋሊማ ውሃ ልትቀቅለኝ?»

ሚስት ብድግ ብላ መሬቱ ላይ ሦስት ጊዜ ዘለለች። «አባወራዬ፣ መጀመሪያ የተናገርከው አንተ ነህ። ተነስና በሩን ቀርቅረው።»

እኔ ይህን ዘፈን የወደድኩት በአንዲት ትንሽ ነገር ነው። ባልየው መቼ ነው የተነሳው? «ሚስትየዋን እስማለሁ» ሲባል ዝም ብሎ ተቀምጧል። የተነሳው የፈላው ውሃ ሲጠራ ነው። ሲናገር መሳሙን አስቀድሞ ይጠራል፤ ክብሩ ነዋ። ግን ቅደም ተከተሉ አጋልጦታል። ለክብሩ ሳይሆን ለአገጩ ነው የተነሳው። ሚስትየዋ ይህን ሳታስተውል የቀረች አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ የዘለለችው በባዶ ቤት አይደለም።

ከሳቅ ወደ ሞት እንሂድ፤ በዚህ ዓለም መንገዱ አጭር ነው። ቻይልድ 12፣ «ሎርድ ራንዳል»። ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት በ1802 እና 1803 ባሳተመው የስኮትላንድ ድንበር አገር ባላዶች ስብስብ ውስጥ አለ። ልጅ ከአደን ተመልሷል። እናት ትጠይቃለች። የት ነበርክ? ምሳ ከማን ጋር በላህ? ከወዳጄ ጋር። ምን በላህ? በመረቅ የተቀቀለ ዓሣ። ዓሣው ያ እባብ የሚመስለው ረጅሙ ዓሣ ነው። ውሾችህስ? አብጠው ሞቱ። በየመልሱ መጨረሻ ላይ «እናቴ፣ አልጋዬን ቶሎ አንጥፊልኝ፤ አደኑ አድክሞኛል፣ መተኛት እፈልጋለሁ» ይላል። «መርዝ በልቻለሁ» የምትለው ቃል የምትመጣው ዘግይታ ነው። እናትየዋ ግን ከምግቡ ቀድማ አውቃለች። በአንዳንድ ቅጂዎች ዓሣው ምን ይመስል ነበር ትለዋለች። «ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ዝንጉርጉር» ይላል። ሰሚው ያኔ ይገባዋል፤ ዓሣ አይደለም የበላው።

ለምን በጩቤ አልገደለችውም? ለምን በመረቅ? ጉርሻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የሚያጎርስህ እጅ የሚወድህ እጅ ነው ብለህ አፍህን ትከፍታለህ። ክህደቱ እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ ዘፈን ደግሞ ለሕፃናት የሚዘፈን ታናሽ ወንድም አለው። ጌታው ጠፍቶ በምትኩ ትንሽ ልጅ ይመጣል፤ «የኔ የምታንጎራጉር ርግብ» እየተባለ ይጠየቃል። እንጀራ እናት ናት ትንሽዬ ዓሣ ያበላችው። አጥንቷን ለውሻው ሰጠ፤ ውሻው እግሩን ዘርግቶ ሞተ። ይህ እሹሩሩ ነው እንግዲህ! የስኮት እናቶች ልጅ የሚያስተኙት በመርዝ ምርመራ ነው።

እነዚህ ዘፈኖች በመጽሐፍ ታትመው ያለቁ ይመስል ነበር። በ1953 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ሃሚሽ ሄንደርሰን የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን የድምፅ መቅጃ ይዞ አበርዲን ሄደ። እዚያ ጂኒ ሮበርትሰን የምትባል ሴት አገኘ፤ ከዘላን ነጋዴዎች ወገን የተወለደች። ይህንኑ ዘፈን «ሎርድ ዶናልድ» ብላ ከቤተሰቦቿ እንደወረደላት ትዘፍነው ነበር። ከማንበብ አይደለም የተማረችው።

ስለ መጠጥ በአጭሩ። «ሰር ፓትሪክ ስፔንስ» የሚጀምረው ንጉሡ ዳንፈርምሊን ከተማ ተቀምጦ «ደም የመሰለ ቀይ ወይን» ሲጠጣ ነው። ከዚህ በኋላ መርከብ እንደሚሰጥም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የዳግላስ ልጆች ነገር ደግሞ ታሪክ ነው። በ1440 ወጣቱ ኧርል ዊልያም ዳግላስና ወንድሙ የአሥር ዓመቱ ንጉሥ ባለበት ኤድንብራ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ተገደሉ። «ጥቁሩ እራት» ይባላል። በማዕዱ መጨረሻ የጥቁር በሬ ራስ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ የሚለው በኋላ የተጨመረ ተረት ነው። ግን ሕዝቡ የጨመረው ምን እንደሆነ እዩ። ሰይፍ አልጨመረም፤ አንድ ሰሃን ጨመረ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 መዝገበ ቃላቱ አጃን ሲፈታ «በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡን የሚቀልብ እህል» ብሎ ተሳለቀ። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ፈረሶችና የስኮትላንድ ሰዎች ያማሩት፣ የሚል መልስ አገኘ። ይህን ያነሳሁት በባላድ ውስጥ «የስንዴ ዳቦ» ስትሰሙ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት ነው። የሰፊው ሕዝብ እህል አጃና ገብስ ነበር። ስንዴ የጌቶች ነው። በአንድ ሌላ ባላድ ጂፕሲ የሚባሉ ዘላኖች የአንድ ጌታ ሚስትን በዘፈን ሲያማልሏት፣ በአንዱ ቅጂ እሷ የስንዴ ዳቦ ትሰጣቸዋለች፤ እነሱ ዝንጅብል ይሰጧታል። ከዚያ የጣት ቀለበቷን አውልቃ ትሰጣለች። ዳቦውን ለዝንጅብል የለወጠች ቀን ትዳሩ አልቋል።

አሁን ደግሞ እንግዳ አብልቶ መጨረስ የማይቻልበት ቤት ልውሰዳችሁ። «ንጉሥ ሄንሪ»። ይህን የሰጠችን አና ጎርደን ናት፤ በአበርዲን የተወለደች፣ ከቄስ ጋር ተጋብታ «የፎክላንድዋ ወይዘሮ ብራውን» የተባለች፣ ከልጅነቷ የሰማችውን በቃሏ ይዛ ያስጻፈች ሴት። ንጉሡ አደን ላይ ሳለ በአንድ አዳራሽ ያመሻል። አንዲት አስፈሪ ሴት ትገባለች፤ ራሷ የጣራውን ወራጅ ይነካል፣ ጥርሷ የከብት መቸከያ ካስማ ያክላል። «ሥጋ ስጠኝ» ትላለች። ምን ሥጋ አለኝ? ፈረስህ አለ አይደል። ልቡ እየደማ ፈረሱን አረደላት። ከቆዳና ከፀጉር በቀር ሁሉንም በላች። ጨምር። አዳኝ ውሾቹን አረደ። ጨምር። ጭልፊቶቹን አረደ፤ ላባ ብቻ ቀረ። አሁን የሚጠጣ! የፈረሱን ቆዳ ሰፍቶ ወይን ሞላበት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፣ ጠብታ አልቀረም። አሁን አልጋ አንጥፍልኝ። አሁን አንተም ናና ከጎኔ ተኛ።

ንጉሡ ተኛ። ሲነጋ ከጎኑ ያለችው በዓይን ታይታ የማታውቅ ቆንጆ ናት። ብዙ ጨዋ ሰው አጥግቦኛል፣ አለችው፤ የፈለግሁትን ሁሉ የፈጸመልኝ ግን አንተ ብቻ ነህ።

«የእግዜር እንግዳ» ለሚል ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። እንግዳ ምን ያህል ይበላል ተብሎ አይጠየቅም። ግን ንጉሡ የሚያርደው ምንድን ነው? ፈረሱ፣ ውሻው፣ ጭልፊቱ፤ አዳኝ ያሰኙትን ነገሮች ሁሉ። ተበልቶ ሲያልቅ ንጉሥነቱም አብሮ አለቀ፤ የቀረው ሰውዬው ነው። ይህ የኔ ንባብ ነው። አና ጎርደን ብትሰማኝ «ዝም ብለህ ስማ» የምትለኝ ይመስለኛል።

«ቶማስ ገጣሚው» የሚባለውን ባላድ ሳላነሳ ብወርድ አልወድም። የተረት ንግሥት ቶማስን ወደ አገሯ ትወስደዋለች። ከዋልተር ስኮት ቅጂ ብንነሳ፣ የሰባት ዓመት ደሞዙን ፖም ትሰጠዋለች፦ «ይህን የበላ ምላስ አይዋሽም።» እኛ ደስ የሚለው ይመስለናል። ቶማስ ግን ይነጫነጫል። ምላሴማ የራሴ ነች፤ ከእንግዲህ ገበያ ወጥቼ እንዴት እገዛለሁ፣ እንዴት እሸጣለሁ? ከጌታ ፊት፣ ከሴት ፊት ምን ልናገር ነው? ሔዋን ፖሙን በልታ ራቁቷን መሆኗን አወቀች ይባላል። ቶማስ ደግሞ ከመርካቶ መባረሩን አወቀ።

ስለ ባዶ ሰሃንም አንድ ነገር። የድንበር አገር ሰዎች የሰው ከብት በመዝረፍ የታወቁ ነበሩ። ዋልተር ስኮት የነገረን ወግ አለ፤ የሃርደኑ ዋት የሚባለው ሽፍታ ጌታ ቤት ከብት ሲያልቅ፣ ሚስቱ ክዳን ያለው ሰሃን ታቀርባለች። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ፈረስ የሚኮረኮርበት የተረከዝ ብረት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ሳይጎርስ ተነስቶ ይጫናል። «ወጡ አልቋል» ለማለት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

የመጨረሻው ዘፈን «ሁለቱ ቁራዎች» ነው። ሁለት ቁራ ይጫወታሉ፤ አንደኛው «ዛሬ የት ሄደን እንብላ?» ይላል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ በር ላይ የሚባለው ነገር። ሁለተኛው ቦታ ያውቃል። ከአሮጌው የአፈር ካብ ጀርባ ገና የተገደለ ባላባት ወድቋል። የሚያውቅ የለም፤ ውሻው፣ ጭልፊቱና ሚስቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ውሻው አደን ሄዷል። ጭልፊቱ የዱር ወፍ ሊያመጣ ሄዷል። ሚስቱ ሌላ ባል ይዛለች። «ስለዚህ ምሳችንን በሰላም እንበላለን። አንተ አንገቱ አጥንት ላይ ተቀመጥ፤ እኔ ያን ሰማያዊ ዓይኑን እለቅማለሁ።»

ቁራዎቹ ክፉ አይደሉም። ርቧቸዋል። የሚያስፈራው ሁሉም ወደየምሳው መሄዱ ነው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ሲቀር ነፋሱ ለዘላለም ይነፍስበታል ይልና ዘፈኑ ያልቃል። እኔ ያን ነፋስ በሰማሁ ቁጥር የቋሊማዋ ሴትዮ በር ትዝ ይለኛል።

እሺ፣ እንቆቅልሹስ? አጥንት የሌላት ዶሮ፣ ፍሬ የሌላት ቼሪ፣ ሐሞት የሌላት ወፍ። ማንም? ካላወቃችሁ አገር ስጡኝ። …ግላስጎው? አልወድም፣ ዝናብ ነው። …ኤድንብራ? እሺ፣ ተቀብያለሁ።

ኤድንብራ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ገንፎውን በማማሰያ፣ ቋሊማውን ነጭና ጥቁር አግኝቼ! ዶሮዋ እንቁላል ውስጥ ሳለች አጥንት የላትም። ቼሪዋ ገና አበባ ሳለች ፍሬ የላትም። ሐሞት የሌላት ወፍ ርግብ ናት፤ እውነትም ርግብ የሐሞት ከረጢት የላትም። ካፒቴኑ ሁሉንም መለሰ፣ ልጅቷን አገባ።

ማማሰያዋ ማን ጋ ደረሰች? መልሱልኝ፤ ነገ ጠዋት ያስፈልገኛል።